አንበሳው ያገሳ ዕለት

አንድ ሰው ነበረ። አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝ የእንግሊዝኛ ቃል በአንበሳ ሊያስበላው ነበር።

ሰውየው ቆላ ባለ ጥብቅ ደን ውስጥ እንግዶችን እየመራ አራዊት ያሳይ ነበር። እንግሊዝኛውን የተማረው ከአንዲት ዓይነ አፋር መምህርት ነው። በተማሪነቱ ጊዜ «በርፕ» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቃት። መምህርቷ «ግሳት» የሚለውን ቃል በስድሳ ተማሪ ፊት ከአፏ ማውጣት አፈረችና፣ ወደ ሰሌዳው ዞራ፣ «አገሳ ማለት ነው» አለች።

ማን ሲያገሳ ነው ቢላት፣ «አንበሳ ነዋ» ብላ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። እሱም በደብተሩ ጻፈው።

ከዓመታት በኋላ ሦስት የውጭ አገር እንግዶች ይዞ ፏፏቴ አጠገብ ምሳ አቀረበላቸው። እንጨት ሊለቅም ከጉብታው ጀርባ ዞር ሲል አንበሳ በቅርብ አገሳ። እንግዶቹ ፏፏቴው ጆሯቸውን ደፍኖት አልሰሙም። ሮጦ መጣና፣ አንበሳ «በርፕ» ብሏልና ቶሎ ወደ መኪናው ግቡ አላቸው።

ተያይተው ሳቁ። በዕድሜ የገፉት እንግዳ፣ «እንግዲያማ ጠግቧል፤ እኛን ምን ሊያደርገን?» ብለው ሌላ ዳቦ ቆረሱ። በጣም ትልቅ «በርፕ» ነው ብሎ ቢለምናቸው ሳቁ ባሰ። ከጉብታው በኩል ሣሩ ሲነቃነቅ አየ። የሚያውቀው ቃል ሁሉ አለቀበት። በእጅና በጉልበቱ ተንበረከከና የሰማውን ድምፅ እሱ ራሱ አገሳው።

ዳቦው ከሽማግሌው እጅ ወደቀ። የመኪናው በር ሲዘጋና አንበሳው ከምሳው ሣህን አጠገብ ሲቆም አንድ ሆነ።

የቃሉን ፍቺ እዚያው መኪና ውስጥ ነገሩት። በሳምንቱ መምህርቷ ቤት ድረስ መጥቶ ጠየቃት። እሷም ያን ጊዜም አፍራ፣ ያኔ ያየሁበት መዝገበ ቃላት ስሕተት ነው አለችው።

የትምወርቅ ልጄ፣ ያቺ መምህርት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። «በርፕ» ግሳት ነው። ከየት መጣ ላልሽኝ ደግሞ፣ ከድምፁ የተቀዳ ነው ይላሉ፤ ሆድ ሲናገር የሚሰማው እንደዚያ ነው። ሀፍረትም ልክ እንደ ግሳት ነው፤ ቢያፍኑት አይጠፋም። እኔ ክፍል ውስጥ የዋጥኩት ከስንት ዓመት በኋላ በተማሪዬ አፍ ወጣ፤ ያውም አንበሳ ፊት።