ጅብ ከኋላ የቆመበት ጦርነት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ ወንዞች ሁሉ በደረቁበት ዓመት፣ ነብሮች በአንበሳ ሸለቆ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ምንጭ ሊቀሙ ከማዶ ተነሡ። አንበሳም ጦሩን አሰልፎ ወደ ምንጯ የሚያስገባውን ጠባብ በር ለአህዮች ሰጠ። አለቃቸው አንዲት አሮጊት አህያ ነበረች። የልጅ ልጆቿ ከዚያች ምንጭ በቀር የሚጠጡት አልነበራቸውም።

ቀበሮ ወደ አንበሳ ጠጋ አለና፣ «ጌታዬ፣ አህያ ነብር ሲያይ ይፈረጥጣል። ጅብ ከኋላቸው ይቁም። ያኔ ወዴት ይሸሻሉ?» አለ። ነገሩ ለአንበሳ ልክ መሰለው።

አሮጊቷ ይህን ሰምታ መጣችና እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እኛ አንሸሽም። ጅቡን ግን ያንሡልን።»

«ዛሬ ሁላችሁም የእኔ ወታደሮች ናችሁ» አለ አንበሳ።

ጅብ ምራቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እመት አህዪት፣ እኔ እኮ አንቺን እንደ እህቴ ነው የማይሽ» አላት።

«አምና የበላኸውም እህቴን ነበር፣ አያ ጅቦ» አለችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

እሷ ስትርቅ ቀበሮ ለጅብ ትእዛዙን ነገረው። «ፊቱን ወደ አንተ የመለሰ አህያ ሸሽቷል ማለት ነው። ብላው።»

«ሁሉንም?»

«የዞረውን ሁሉ።»

ጅብ ሌላ ጥያቄ አልነበረውም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ነብሮች በሩ ላይ ደረሱ። አህዮች ተጠጋግተው ቆሙ። አሮጊቷ «አሁን» አለች። ሁሉም እንደ አባቶቻቸው ወግ ጀርባቸውን ለጠላት ሰጥተው በኋላ እግራቸው ይራገጡ ጀመር። የፊተኛው ነብር መንጋጋው ተሰብሮ ወደቀ። የቀሩት ማፈግፈግ ያዙ።

ጅብ ግን ያየው ወደ እሱ የዞረ የአህያ ፊት ብቻ ነበር። «ሁሉም ሸሹ» አለና እየሮጠ ገባባቸው። የአሮጊቷን ታናሽ ወንድም ጉሮሮውን ያዘው።

«አያ ጅቦ፣ እየተዋጋን ነው» አለችው። አፉ ሙሉ ነበርና አልመለሰላትም። የአህዮቹ መስመር ተበተነ። ነብሮችም ተመልሰው በተከፈተው በር ገቡ።

ሲመሽ ምንጯ የነብሮች ሆናለች። የተረፉት በደረቀው ወንዝ ሲሰደዱ አንበሳ አሮጊቷ ዘንድ ደረሰ።

«ለምን ዞራችሁ?» አላት።

«አህያ የሚዋጋው በኋላ እግሩ ነው፣ ጌታዬ። ይህን ያህል ዘመን ስንገዛልዎ ያውቁታል ብለን ነበር።»

አንበሳ ቀበሮን በዓይኑ ፈለገው። ቀበሮ በዚያ ሰዓት ምንጯ ዳር ነብሮቹን እየመከረ ነበር። አሮጊቷም የተጠማ ውርንጭላ በአፍንጫዋ እየገፋች መንገዷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው ወታደሮቹ እንዴት እንደሚዋጉ ሳይጠይቅ እንዳይሸሹ ብቻ የሚጨነቅ አዛዥ፣ ጠላት መክፈት ያቃተውን በር ራሱ እንደሚከፍት ነው።