«መዝጊያህን አውሰን»

ዋንዛ በር በምትባለው መንደራችን ለልጃገረድ የተላከ ሽማግሌ እንደ ሌላው አገር «ልጅህን ለልጃችን» አይልም፤ «መዝጊያህን አውሰን» ነው የሚለው። እንግዳ ሰው ሲሰማው ዝርፊያ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከአያ ጓንጉል የመጣ ነው ይባላል።

አያ ጓንጉል ማሲንቆ ሠሪ ነበሩ። እንደሚነገረው ጥርጣሬያቸው ለሰባት መንደር ቢከፋፈል ይተርፍ ነበር፤ ዶሮ ስትጮህ «ማን ልኳት ነው?» ይላሉ፣ ጥላቸውንም ማባረሪያ አጥተው እንጂ አምነውት አያስከትሉትም። ከአንድ ወጥ ዋንዛ የተጠረበ ሰፊ መዝጊያ ነበራቸው፤ የጎተተው ሰባት በሬ ነው ይላሉ አዋቂዎች፣ እኔ ግን ከስምንት አልወርድም። ሥራቸውንም የሚሠሩት እሱን ዘግተው ነው።

ስንሻው የሚባል ጎበዝ፣ ልጃቸውን ማንጠግቦሽን ለትዳር ቢጠይቅ፣ «እስከ ቡሄ ለማሲንቆ የሚሆን፣ የማይዋሽ እንጨት አምጣ፤ ካጣህ ለአንድ የቆላ ነጋዴ እድራታለሁ» አሉት።

ስንሻው ወይራ ተሸክሞ መጣ። አያ ጓንጉል አንኳኩተው፣ «ይሄ ቅጠል ያበቀለ ድንጋይ ነው» አሉ። ብሳና አመጣ። «ይሄ ደግሞ ሳይጠየቅ ይለፈልፋል፤ ምን ሊደብቅ ነው?» አሉ። በመጨረሻ ዋንዛ ቢያመጣ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆዩና፣ «አማረ። በጣም አማረ። ማን አስጠናው?» ብለው መለሱት።

የቡሄ ዕለት ስንሻው ባዶ እጁን መጣ። እንጨት ሲሸከም መዝጊያውን በእግሩ ነበር የሚመታው፤ ያን ቀን ግን እጁ ነፃ ስለነበር በጣቱ አንጓ አንኳኳ። መዝጊያው እንደ ደወል አስተጋባና ድምፁ ሦስት ሸለቆ ዞሮ ተመለሰ ይባላል።

«ማነህ?» አሉ ከውስጥ።

«ስንሻው ነኝ፣ አያ።»

«እንጨቱስ?»

«ከኋላው ተቀምጠዋል።»

አያ ጓንጉልም፣ «ሌባ መሆንህን አውቄ ነበር። መዝጊያዬን አስነቅለህ ልትገባ ነው» አሉ።

«አባዬ፣» አለች ማንጠግቦሽ ከጓዳ፣ «ሃያ ዓመት የመጣውን ሁሉ ማነህ ሲሉ፣ መዝጊያውን ጠይቀውት ያውቃሉ?»

የገዛ ቤቱን የሚያንኳኳ የለምና ጠይቀውት አያውቁም ነበር። ወጡ፣ ዘጉት፣ አንኳኩ። ድምፁ እስኪሞት ጆሯቸውን አላነሱም። «ይሄስ አይዋሽም» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ማጠፊያውን ግን እጠረጥረዋለሁ።»

መዝጊያው ተነቅሎ ማሲንቆ ሆነ፣ ሠርገኛውም ወለል ባለው በር ገባ፤ መንደሯም ዋንዛ በር ተባለች።

ዛሬም «መዝጊያህን አውሰን» የተባለ አባት ወጥቶ የገዛ ቤቱን ያንኳኳል። መልሶ ከገባና ከዘጋው ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ነቅሎ ግድግዳ ካስደገፈው ግን ፈቅዷል፤ ሠርጉ እስኪያልፍም አይመልሰውም። ያን ሁሉ ቀን ታዲያ ራሱ ደፉ ላይ ተቀምጦ የሚገባውን ሁሉ «ማነህ?» ይላል፤ ሙሽራውን ጭምር።