የትርንጎ ቀይ አዝራር

አንድ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። በአገሩ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ሲያልቅ፣ ሳይታመሙ የሚጠጣ መከላከያ ቀመመ። ንጉሡ ይህን ሰምተው አስጠሩት።

«በእስረኞቹ ሞክረው» አሉት።

«ጃንሆይ፣ እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢልም እሺታው አይቆጠርም» አለ።

ስለዚህ አዋጅ ተነግሮ ፈቃደኞች ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ቀማሚው ምንም አልደበቃቸውም።

«ለግማሾቻችሁ መድኃኒቱ፣ ለግማሾቻችሁ እንደሱ የሚመር ውሃ ይደርሳችኋል። ካላወዳደርን፣ የተረፈው ሰው በመድኃኒቱ ይትረፍ በዕድሉ አናውቅም። መድኃኒቱ ራሱ ሊጎዳም ይችላል። የፈራ ይሂድ።»

ጥቂቶች ሄዱ፤ ማንም አልሰደባቸውም። የቀሩት እንደ አገሩ ልማድ ለዕጣ የየራሳቸውን ምልክት ነጠላ ላይ ጣሉ፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የባቄላ ፍሬ። የቀማሚው አንድያ ልጅ ትርንጎም ከቀሚሷ ላይ ቀይ አዝራር በጥሳ ጣለች።

«ዕጣውን አንተው አውጣ» አሉት ንጉሡ።

ቀማሚው እጁን ሰደደ። ቀዩን አዝራር ሲያይ እጁን መልሶ ሰበሰበ።

«አልችልም ጃንሆይ። ይህን አዝራር የሰፋሁት እኔ ነኝ። እጄ ያዳላል።»

በዚያ የሚያልፍ ጨው ነጋዴ ተጠራ። «አንዳችሁንም አላውቅም፤ ብቻ አህያዬን ያዙልኝ» አለና ለንጉሡ ዳኛ ብቻ እያሳየ፣ ግማሹን ዕጣ ለመድኃኒቱ ግማሹን ለውሃው አወጣ። ቀማሚው ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከዚያ ዳኛው ፈቃደኞቹን አንድ በአንድ ለብቻ እየጠራ አጠጣቸው፤ ማን ምን እንደጠጣም እሱ ብቻ ያዘው።

ክረምቱ ሲወጣ ዳኛው ምስጢሩን ገለጠ። መድኃኒቱን ከጠጡት የታመሙት ጥቂት፣ ውሃ ከጠጡት ግን ብዙ ነበሩ። ለትርንጎ የደረሳት ውሃ ነበር። ታማ ለጥቂት ተርፋለች፤ አንድ ዓይኗ ግን ጠፍቷል።

«አባባ፣ አዝራሬን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ ልጄ።»

 እጁን ይዛ «በል ተነስ፤ ውሃ የደረሳቸው እየጠበቁህ ነው» አለችው።

ንጉሡ መድኃኒቱ እንዲቀዳላቸው ጽዋቸውን አስቀድመው ልከው ነበር። ቀማሚው ግን «ከእነሱ በኋላ» ብሎ መለሰው። ለአገር ብለው ውሃ የጠጡት ቀድመው ጠጡ።

ይህን ስል የተቀመመ ሁሉ ይጠጣ ማለቴ አይደለም። ቀማሚው ቢያዳላ የልጁ ዓይን ይተርፍ ነበር ይሆናል፤ መድኃኒቱን ግን ማን ያምነው ነበር? እውነትን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የገዛ እጁን ይጠርጥር። በሌሎች ፈቃድ እውነቱን ያገኘ ደግሞ ውለታቸውን አይርሳ።

እርስዎስ አዝራሩን ቢያዩ፣ እጅዎን ይሰበስቡ ነበር?