ሥጋ የማይሸተው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ በተራበበት ዓመት፣ አንበሳ ሥጋ የሚያስቀምጥበትን ዋሻ የሚጠብቅለት ዘበኛ ፈለገ። ለሚቀጠረው የዕለት ቀለብ ይሰጠዋል ተባለ። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ እየሮጠ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ሆዳም መሆኔን አገር ያውቃል። አንበሳ ድክመትህ ምንድን ነው ቢለኝ ምን ልበል?»

«ጉድለትህን በጎ አስመስለህ ንገረው» አለችው ቀበሮ። «ሥራ ስወድ ልክ የለኝም፣ እህል ውሃ እንኳ እረሳለሁ በለው።»

ጅቦ መንገዱን ሁሉ ይህንኑ እያነበነበ ሄደ።

ዋሻው ደጃፍ ሲደርስ እመት አህዪት ቀድማው ቆማለች። በአንበሳ ግቢ መነካካት ክልክል ነውና ምራቁን ውጦ ከኋላዋ ተሰለፈ።

«ድክመትሽ ምንድን ነው?» አላት አንበሳ።

«ፈሪ ነኝ ጌታዬ። ኮሽ ሲል እበረግጋለሁ። ስለዚህ ሌባ ቢመጣ ልጋፈጠው አልልም፤ ገና ኮቴ ስሰማ አናፋለሁ፣ እርስዎ ይደርሳሉ።»

ጅቦ በልቡ ሳቀ። ለዘበኝነት መጥቶ ፈሪ ነኝ የሚል ማን አለ? ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፋ።

«የእኔ ድክመት ሥራ ማብዛት ነው። ሥራ ከያዝኩ እህል ውሃ አያምረኝም።»

«ሥጋስ?»

ቀበሮ ይህን አላስጠናችውም። «ሥጋማ ጭራሽ አይሸተኝም» አለ።

አንበሳ ከዋሻው አንድ የሥጋ ጭን አወጣ። «እንግዲያው ይህን ጭን ጠብቅልኝ፤ ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» ብሎ ወደ ወንዝ ወረደ።

ጅቦ ፊቱን አዞረ። አፍንጫው ግን እምቢ አለው። ዝንብ ላባርር ብሎ ተጠጋ፤ አንዴ ላስ አደረገ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ራሱም አያስታውስም። አንበሳ ሲመለስ አጥንት እንኳ አልቀረም።

«ጭኑስ?»

«ሥራ በዝቶብኝ አላየሁትም ጌታዬ።»

አንበሳ አልተቆጣም። «ሥጋ ፊት አልችልም ብትለኝ ኖሮ፣ ሥጋ ከማይታይበት ከወንዙ ማዶ ድንበር አስጠብቅህ ነበር። እዚያም ጠባቂ አጥቻለሁ፤ ቀለቡም እኩል ነው» አለው።

«ታዲያ አሁንስ ብሄድ?» አለ ጅቦ ቀስ ብሎ።

«ለሆዳምነትህ ቦታ ነበረኝ። ውሸትህን የት ወስጄ ላስቀምጠው?»

አህዪት የዋሻውን ደጅ ተረከበች። ጅቦም የዛሬው ሆዱ ሞልቶ፣ የነገው እያስጨነቀው ቁልቁል ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉድለቱን አውቆ ከነመፍትሔው የሚናገር እንጀራውን ሲያገኝ፣ ጉድለቱን በጎ አስመስሎ የሚሸፍን ግን ያው ጉድለቱ እንደሚያጋልጠው ነው።