አብሮ የሚቆም ነጋዴ

አንድ ደምለው የሚባል አዳኝ ነበር። በመንደሩ ጠመንጃ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር አውሬ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ እሱ ደጅ ነው። አንድ ክረምት ነብር የመንደሩን ፍየሎች ሲጨርስ ከረመና ውሃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አቆሰለ። ደምለው ጠመንጃውን ቢያነሳ መርፌዋ፣ ያቺ ጥይቱን የምትመታው ትንሽ ብረት፣ ተሰብራ አገኛት። መርፌ የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው፤ ያውም የማይመች ዱላ።

ገበያ ወረደ። የመጀመሪያው ነጋዴ የጠመንጃ ዕቃውን ቅባት ቀብቶ በቀይ ጨርቅ ላይ ደርድሯል። ምላሱ ጤፍ ይቆላል።

«ጥራት በቅናሽ! መርፌዋ ከተሰበረች መልስልኝ፣ እቀይርልሃለሁ» አለው።

«ማን ይመልስልሃል? ነብሩ?» አለ ደምለው። «ይልቅ ይህችን መርፌ ከትቼ አውሬውን ስጠብቅ፣ ባዶ እጅህን አጠገቤ ትቆማለህ?»

ነጋዴው ሳቀ። «በል በግማሽ ዋጋ ውሰዳት።»

ደምለው ርካሽ ነገር ይወዳል፤ ማን ይጠላል? እጁ ወደ ኪሱ ሄዶ ነበር። ግን የቆሰለችው ሴት ትዝ አለችውና ትቶት ሄደ።

ቀጥሎ እንድሪስ የተባለ ሽማግሌ ነጋዴ ዘንድ ደርሶ አንዲት መርፌ አነሳና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀው። እንድሪስ አልሳቀም። መርፌዋን ተቀብሎ አገላብጦ አያትና ወደ ሣጥኑ መልሶ ሌላ አወጣ።

«ያችኛዋ ምን ሆነች፣ ጋሼ?»

«ለመሸጥ ትሆናለች» አለ እንድሪስ አፈር ብሎ። «አጠገብህ የምቆም ከሆነ ግን ይህችኛዋን ውሰድ።»

«ዋጋዋስ?»

«ያው ነው።»

«እንግዲያው ይነሱ፣ እንሂድ።»

እንድሪስ ዕቃውን ሰብስቦ ተከተለው። ደምለው መርፌዋን ከትቶ ጎን ለጎን ቆመው ሲጠብቁ፣ አመሻሽ ላይ ነብሩ ከጥሻው ወጣ። ደምለው ቃታውን ሳበ፤ ጠመንጃዋ ጮኸች፤ ነብሩም ወደቀ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። እንድሪስ ግን ፊቱን ወደ ገበያው መንገድ አዙሮ ቆሟል።

«ፈሩ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ነብሩንስ አልፈራሁም» አለ። «ቆሜ ሳለሁ ያሰብኩት ያችኛዋን ዓይነት የሸጥኩላቸውን ሰዎች ነው። እነሱ ዛሬ የት ቆመው ይሆን?»

በሚቀጥለው ገበያ እንድሪስ ምንም አልሸጠም። የድሮ ደንበኞቹን እየጠራ መርፌያቸውን በነፃ ሲቀይር ዋለ። ከሰረ፤ ግን የዚያን ዕለት ወደ ቤቱ የተመለሰው እያንጎራጎረ ነው።

ወዳጆቼ፣ ጥሩ ዋጋ ማለት ሻጩ ከገዢው ጎን ለመቆም የማይፈራበት ዋጋ ነው። ሁላችንም ለሰው የምንሰጠው ነገር አለን፤ ዳቦም ይሁን፣ ትምህርትም ይሁን፣ ምክርም ይሁን። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ለሌላው በሠራችሁት ጣሪያ ሥር የራሳችሁን ልጅ ታስተኛላችሁ?