እንደተረከብሽው አስረክቢ

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጠጋ በሉ። እኔ «ነበረች» ስል እናንተ «ትኑር» በሉኝ። መኖሪያ ያጣችውን ቢያንስ በአፋችን እናኑራት።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳውም ግድግዳውም አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት ሽኮኮ ነበረች።

ትኑር!

ይህች ሽኮኮ የደጋ ገደል ውስጥ ትኖር ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረና ሳሩ ደረቀ። ባሏም ውሃ ፍለጋ እንደወጣ በዚያው ቀረ። እሷም ሆዷ ውስጥ ሁለት ልጆች ይዛ፣ «ከባሕሩ ጠረፍ ትልቅ ከተማ አለ፣ የጨው ሥራ አለ» ሲባል ሰምታ ቁልቁል ወረደች። ሁለት መሆናቸውን በምን አወቀች እንዳትሉኝ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ይራገጡ ነበር።

ሥራውን በመጣችበት ቀን አገኘች። ጨው ሜዳ ላይ ጨው እየፈለጠች አሞሌ ትሠራለች፤ ደሞዟም ያው አሞሌ ነው። ያጣችው ቤት ነው። በዚያ ከተማ ባለቤት የሌለው ቀዳዳ፣ ባለቤት የሌለው ቅርንጫፍ አይገኝም። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ቤቶቹ የኤሊ መሆናቸው ነበር። እስቲ አስቡት! ቤቷን በጀርባዋ ተሸክማ የምትዞር ኤሊ፣ አንድ ቀን እንኳ ሜዳ ላይ አድራ የማታውቅ ኤሊ፣ ሌላ አርባ ቤት ይዛ ታከራያለች። እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደላላው ቁራ ነበር። ሽኮኮን ገና ከሩቅ አይቶ ከፊቷ አረፈ።

«የኔ እህት፣ ቤት ፈልገሽ ነው? እኔን አግኝተሽማ ቤት አታጪም!»

«ልጆቼ ሳይወለዱ የምገባበት ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፣ አያ ቁራ» አለች ሽኮኮ።

ቁራም ኤሊ ዘንድ ወሰዳት። ኤሊ አንገቷን አውጥታ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ስንት ናችሁ?»

«አንድ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሆድሽስ?»

ሽኮኮ ሆዷን በእጇ ሸፈነች። «ሲወለዱ አያለቅሱም። እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ።»

«እንግዳ አይመጣም። እሳት አይነድም። የሦስት ወር በቅድሚያ ትከፍያለሽ። ደግሞ ቤቱን እንደተረከብሽው ታስረክቢኛለሽ። ሰምተሻል? እንደተረከብሽው!»

«እንደተረከብሽው!» አለ ቁራ ከላይ ሆኖ።

የመጀመሪያው ቤት ጣራ ነበረው፤ ግድግዳ አልነበረውም። «ነፋሻ ነው» አላት ቁራ። ሽኮኮ ምን ታድርግ? ገባች። ከሥራ ስትመለስ ጭቃ ታቦካለች፣ ጭድ ትቀላቅላለች፣ ትመርጋለች። በጨው የተሰነጠቀ እጇን ጭቃው ሲነካው እንደ እሳት ያቃጥላታል፤ እሷ ግን ትመርጋለች። ግድግዳው ቆሞ ሲያልቅ አፉን ከፈተና «ያቆመኝ እጅ አይታመም» ብሎ መረቃት።

ምርቃቱ ሳይደርቅ ኤሊ እየተንፏቀቀች መጣች። ግድግዳውን መታ መታ አደረገችው።

«የእህቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ልትመጣብኝ ነው። ልቀቂልኝ።»

ሽኮኮ ለቀቀች። በሳምንቱ በዚያ ስታልፍ ውስጡ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ፍላሚንጎዎች! በየዓመቱ ብርድ ሸሽተው ከባሕር ማዶ የሚመጡ፣ ለአንድ ወር የሷን የዓመት ኪራይ የሚከፍሉ፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች። የእህት ልጅ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም።

ሁለተኛው ቤት ግድግዳ ነበረው፤ ጣራ አልነበረውም። «ሰማዩ ሁሉ ያንቺ ነው» አላት ቁራ። አፉን ይያዘው! ሽኮኮ ከከበደ ሆዷ ጋር ዘንባባ እየቆረጠች፣ ሰሌን እየጎነጎነች፣ ጣራውን ከደነችው። ጣራውም «ጥላዬ ይድረስሽ» አላት። ኤሊ ግን ቀድማው ደረሰች።

«ልጄ ሊያገባ ነው። ልቀቂልኝ።»

ልጄ ስትል ሰማችኋት? ኤሊ እኮ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ፣ ዞር ብላ ሳታይ የምትሄድ ናት። የትኛውን ልጇን አውቃ ነው የምትድረው?

«እትዬ፣ ቀኔ ደርሷል። አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ» አለች ሽኮኮ እግሯ ላይ ወድቃ።

«ያረገዝሽው አንቺ እንጂ እኔ አይደለሁም» አለች ኤሊ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነፋስ ከባሕሩ ተነሣ። ሽኮኮ ዳር ላይ በተገለበጠች አሮጌ ጀልባ ሥር ተኝታ ወለደች። ሁለት ሴቶች። ጀልባዋም እያለቀሰች «ጎኔ ተቀዷል፣ እህቴ፤ ይቅር በይኝ፣ ውሃው በእኔ በኩል ነው የሚገባው» ትላት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንደኛዋ ልጅ ቀዘቀዘች። አሸዋ ቆፍራ ቀበረቻት።

ይህችም ልጅ ነበረች። አሁን ግን ትኑር አትበሉኝ፤ ብትሉም አትኖርም።

ሽኮኮ የቀረችውን ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ እንደገና ቁራ ዘንድ ሄደች። ምን አማራጭ አላት? ሦስተኛውን «ቤት» አሳያት። ግድግዳም የለው፣ ጣራም የለው። ኤሊ ራሷ መጥታ «አንዲት ጭራሮ እንዳትጠፋብኝ፣ ዕቃዬን ቁጠርላት» ብላ ቁራን አዘዘችው። ቁራም ጉሮሮውን ጠርጎ ቆጠረ።

«ሦስት ቋሚ እንጨት። አንድ ክምር የዓሣ አጥንት። አንድ ጊንጥ።»

«አለሁ» አለ ጊንጡ ከአጥንቱ ሥር።

«እንደተረከብሽው ታስረክቢኛለሽ!» አለች ኤሊ።

«እንደተረከብሽው!» አለ ቁራ።

ሽኮኮ አጥንቱን ጠረገች። ጊንጡን በእንጨት ገፍታ ከቅጥሩ አስወጣችው። ግድግዳ መረገች፣ ጣራ ከደነች፣ የዛጎል መዝጊያ ያለው በር ሠራች። ጓሮውን ስትቆፍር ስትቆፍር፣ ከጨዋማው አፈር በታች ጣፋጭ ውሃ አገኘች። በዚያ ጠረፍ ጣፋጭ ውሃ ከጓሮ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ልጇም በዚያ ቤት ድክ ድክ ማለት ጀመረች።

ኤሊ ውሃውን ቀመሰች። ሁለት ጊዜ ቀመሰች። ከዚያም አፏን ጠርጋ እንዲህ አለች፦

«ልቀቂልኝ። ራሴ ልገባበት ነው።»

ሽኮኮ የኤሊን ጀርባ አየች። ያን ጠንካራ፣ ውሃ የማያስገባ፣ ከእንቁላሏ ይዛው የወጣችውን ቤት አየች። ከዚያ ልጇን አየች። ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ከእግር ጥፍሯ ጀምሮ ሽቅብ የሚነድ ንዴት ነበር።

«እንደተረከብኩት ላስረክብ?» አለች ቀስ ብላ።

«እንደተረከብሽው!»

«እንደተረከብሽው!» አለ ቁራ።

«እሺ፣ እትዬ። በሦስተኛው ቀን ይምጡ።»

ኤሊ ከሄደች በኋላ ሽኮኮ ቤቱ መካከል ቆመች።

«ጣራዬ፣ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ጣራ። «በእጅሽ ወጣሁ፣ በእጅሽ እወርዳለሁ።»

«ግድግዳዬስ?»

«ለእነዚያ ወፎች ጀርባ መደገፊያ ከምሆን ጭቃ ብሆን ይሻለኛል» አለ ግድግዳ።

«ጉድጓዴስ?»

ጉድጓዱ ውሃ ነውና መቀበር ያስፈራዋል። ቢሆንም «ልጅሽን አንዴ አጠጪና ድፈኚኝ» አላት። አጠጣቻት፤ ደፈነችው። ጣራውን አወረደች፣ በሩን ነቀለች፣ ግድግዳውን አፈረሰች። የዓሣውን አጥንት ከጣለችበት አንድ በአንድ ለቅማ ከመረችው። በመጨረሻም ከቅጥር ውጭ ወጥታ ተጣራች።

«አያ ጊንጥ! ና ግባ፣ ርክክብ ላይ ነበርክ።»

«እኔ ድሮም አልወጣሁም ነበር፣ አንቺ ነሽ ያስወጣሽኝ» እያለ ጊንጡ ገብቶ አጥንቱ ሥር ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ኤሊ ስድስት ፍላሚንጎዎች አስከትላ መጣች። «ጣፋጭ ውሃ ያለው፣ ግድግዳው ወፍራም» እያለች ስታወራ ደረሰችና አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ቤቴ! ቤቴን ምን አደረግሽው?»

«ያውልዎት። ቁራ ይቁጠር» አለች ሽኮኮ።

ቁራ ማምለጥ አማረው፤ ነገር ግን ጎረቤቱ ሁሉ፣ የኤሊ ተከራይ ሁሉ፣ ጃርቷም ከርከሮውም ወጥቶ ያይ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቆጠረ።

«ሦስት ቋሚ እንጨት… አለ። አንድ ክምር የዓሣ አጥንት… አለ። አንድ ጊንጥ…»

«አለሁ!» አለ ጊንጡ፣ ቀረብ ያለውን ፍላሚንጎ እግር ወግቶ። ስድስቱም ወፎች እየጮኹ ተነሡና ወደ ሌላ ጠረፍ በረሩ። እስከ ዛሬም አልተመለሱም ይባላል።

አንዲት ጭራሮ አልጎደለችም። ኤሊ ዞር ስትል ደግሞ ጃርት የራሷን ግድግዳ፣ ከርከሮ የራሱን ጣራ ቀና ብለው ሲያዩ አየች። ማን እንደሠራው ያስታወሱ ይመስሉ ነበር። ያን ጊዜ ኤሊ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠች። ሽኮኮ ልጇን አዝላ፣ በሩን በአናቷ ተሸክማ ስትሄድ ደረሰችባት።

«ልጄ፣ ተመለሽ! በድሮው ኪራይ ግቢ። በግማሹ ግቢ! እንደነበረ አድርጊልኝና እንደፈለግሽ ኑሪ።»

ሽኮኮ በሩን አወረደች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ብላ ነበር የምትጠራት። ከዚያ ወዲያ ግን «እርስዎ» ማለት ቀረ።

«እኔ ያንቺን ዕቃ ሳላጎድል መልሻለሁ። አሁን ደግሞ አንቺ እኔን እንደተረከብሽኝ መልሺኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ደጅሽ ስመጣ ሆዴ ውስጥ ሁለት ነበሩ» አለች ሽኮኮ። «ቁጠሪ።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ሳበች። እግሮቿንም ሳበች። ቁራ ከላይ ሆኖ «እንደተረከብሽኝ» ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ሽኮኮም በሯን ተሸክማ ወጣች። ከጨው ሜዳው በላይ ባሕሩ ስለማይታይበት ማንም «የኔ ነው» ያላለው ገደል ነበር። ለሥራ ሩቅ ነው፤ ነፋሱም ይበረታል። በሯን እዚያ ተከለች። በማግስቱ ጃርት በሯን ተሸክማ መጣች፤ ከዚያም ከርከሮ፤ ቀስ በቀስም ተከራዩ ሁሉ እንደተረከበው እያስረከበ መጣ። ኤሊ አርባ ባዶ ቦታ ይዛ፣ ቤቷ ውስጥ ተሸጉጣ ቀረች።

ተረቴ እዚህ ያበቃል። ቁልፍ የያዘ ሁሉ ቤት የሠራ እንዳይመስላችሁ፤ ቤትም ሲመለስ የሚቆጠረው እንጨቱ ብቻ አይደለም። በሉ፣ አንዲት ሽኮኮ ልጇን ይዛ በገደሉ ላይ ነበረች።

ትኑር!