ሽማግሌ ያስቀመጠ ምድጃ

አንድ ምድጃ ሠሪ ነበር። ሰፈሩ ጋሽ ጥላዬ ይለዋል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይሠራል፤ የተበላሸም ይጠግናል። ሚስቱ አስካለ ትባላለች። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ስመኝ።

የድሮውን ምድጃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሸክላ ነው። በቦዩ ውስጥ ሽቦ ተጠምዝዞ ይተኛል፤ ድስቱ ከላዩ ይጣዳል። ወጡ የገነፈለ ዕለት ሽቦው ይበጠሳል። ሴቶቹ ምድጃቸውን በፌስታል ይዘው ወደ ጋሽ ጥላዬ ይመጣሉ። እሱ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ ይቋጥራል። ብዙም ሳይቆዩ ይመለሳሉ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ የእርስዎ ሽቦ ነው ወይስ የእኔ ወጥ ነው ጥፋተኛው?»

«ወጥሽ ነው። ሙያሽ በዝቶ ገነፈለ።»

እንዲህ እየተሳሳቁ ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ጥቁር መስታወት አገኘ። ከውጭ አገር ምድጃ ላይ የተነቀለ ነው። እሳት አይሰብረውም። በጋለበት ቀዝቃዛ ውኃ ቢያፈሱበት አይሰነጠቅም። ጋሽ ጥላዬ አገላብጦ አየውና ሳቀ። ሽቦውን ከወጥ የሚያድን ክዳን አገኘ።

ከስመኝ ጋር ሆነው ሠሩት። ስመኝ ሽቦ ስትጠመዝዝ ትዘፍናለች፤ የጠመዘዘችው ሽቦ አይዛነፍም። ከሥር ሰፊ ሳህን የመሰለ ነጭ ማቀፊያ አደረጉ። ሲያነሡት ቀላል ነው፤ ሙቀት ግን ወደ ታች አያሳልፍም። ሽቦውን እዚያ ላይ አስተኙት። ማቀፊያው ዙሪያውን ከፍ ያለ ከንፈር አለው፤ መስታወቱ በዚያ ከንፈር ላይ ያርፋል። በሽቦውና በመስታወቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ባዶ ቦታ ቀረ።

ሶኬቱን ሰኩት። ሽቦው ፍም መሰለ። ቅላቱ በጥቁሩ መስታወት አልፎ እንደ ማለዳ ፀሐይ ታየ። የጣዱት ድስት ሞቀ። ከድስቱ ራቅ ያለው ጠርዝ ግን እጅ የሚያሳርፍ ነበር። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም። ይህን ከሁሉ ቀድማ ያወቀችው የቤቱ ድመት ናት። ጠርዙ ላይ ወጥታ ተጋደመች። ወደ ቀዩ አልቀረበችም፤ ርቃም አልሄደች። ለብ የሚለውን ቦታ መርጣ ዓይኗን ጨፈነች።

ድመቷን ልብ ያላት አልነበረም።

ከዚያ ወሬ መጣ። ወፍጮ ቤት የሚሠራ ይኄይስ የሚባል ልጅ ስመኝን ወዷታል፤ እሷም ወዳዋለች። ሽማግሌ ሊልክ ነው።

ጋሽ ጥላዬ ልጁን አልጠላውም። እንዲያውም ሲያልፍ ሲያገድም ሰላምታው ደስ ይለዋል። የፈራው ሌላ ነው። ይኄይስ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቤት ተከራይቷል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። ስመኝ ከቤት ልትወጣ ነው ማለት ነው።

ጋሽ ጥላዬ ብሎኬት አስመጣ። ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር አያይዞ አንድ ክፍል ሠራ። ክፍሉ ወደ ውጭ በር የለውም። በሩ የሚከፈተው ወደ ሳሎኑ ነው።

«እንግዲህ ልጆቹ እዚህ ይኖራሉ» አለ።

አስካለ ክፍሉን ዞራ አየችው። «ሙሽሮቹ ሲያስነጥሱ፣ ከወንበርህ ሳትነሣ ይማራችሁ ልትል ነው?»

«ብል ምን አለበት?»

«ምንም። እኔና አንተ እናትህ ጓዳ ስንኖር ሳቄን በነጠላ አፍኜ ነበር የምስቀው። ረሳኸው?»

አልረሳም። 

ይኄይስም መልእክት ላከ። «አባቷን አከብራለሁ። ነገር ግን የራሳችን በር ያለው ቤት እንፈልጋለን» አለ። ጋሽ ጥላዬ ደግሞ «ከዚህ ክፍል ሌላ የትም ልጄን አልሰጥም» አለ። ስመኝ አባቷንም ትወዳለች፣ ልጁንም ትወዳለች። መካከል ላይ ቀረች። ሽቦ ስትጠመዝዝ መዝፈኗን ተወች። ቤቱ ያለ ዘፈኗ ጭር አለ።

በዚያ ሰሞን ጋሽ ጥላዬ ምድጃውን እንደገና ፈታው። ያ ባዶ ቦታ አላስችል አለው።

«ይህ ሁሉ ሙቀት በአየር ላይ ለምን ይባክናል?» አለ። ከሽቦው ሥር የሸክላ ስባሪ እየደረደረ ከፍ ከፍ አደረገው። ሽቦው መስታወቱን ነካ።

«አባዬ፣ በጣም ተጠጋ እኮ» አለች ስመኝ።

«ሙቀት ሙቀት የሚሆነው ሲጠጋ ነው፣ ልጄ።»

ቴስተሩን አምጥቶ መስታወቱን ነካ ነካ አደረገ። የቴስተሩ መብራት አልበራም። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ነው። ጋሽ ጥላዬ ደስ አለው። የሞከረው ግን የቀዘቀዘውን መስታወት ነበር። ሲግል ምን እንደሚሆን አላየም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት መጡ። ሦስት ናቸው። ዋናው አያ ደርበው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻይ ወዳድ። በዚያ ሰፈር ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም። ቢደክመውም ይቆማል። ከተቀመጠ ልጅቱ ተሰጥታለች፤ የጠየቀውም ሆኖለታል ማለት ነው።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ አያ ደርበው።

«ወንበር እኮ አለ።»

«አይተነዋል። ወንበር ከቤታችንም አለ።»

አስካለ ሳቋን ዋጠች። አያ ደርበው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጉዳያቸውን ተናገሩ። «ልጃችን ይኄይስ ልጅህን ሽቷል። ቤትም ተከራይቷል።»

«ቤት እኔ ሠርቼላቸዋለሁ።»

«ስንገባ አየነው። ደህና ቤት ነው። በሩ ብቻ ነው የጠፋን።»

ጋሽ ጥላዬ ፊቱ ቀላ። ወደ ምድጃው ሄዶ በራድ ሙሉ ውኃ ጣደ። «እንግዲያው ይህ ምድጃ ይፍረደን» አለ። «ሽቦውን ከመስታወቱ ጋር አስጠግቼዋለሁ። የቀረበ ያሞቃል፤ የራቀ ይቀዘቅዛል። ይህ ውኃ ፈልቶ ሻይ ከጠጣችሁ ልጆቹ እዚህ ይኖራሉ። ካልፈላ እናንተ እንዳላችሁ ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በምድጃ የተፈረደ ሽምግልና ሰምተው አያውቁም። አያ ደርበው ግን በራዱን አዩት። «ሻዩ ቅመም አለው?» ብለው ጠየቁ።

«አለው» አለች አስካለ።

«ይሁን። ይፍላ።»

ስመኝ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች። የምትሰማው ስለ ሻይ አልነበረም። የምትኖርበት ቤት ነው በዚያ በራድ ውስጥ የተጣደው። ድመቷ እንደ ልማዷ ወደ ጠርዙ ወጣች። አንድ እግሯን አሳረፈች፤ አነሣች። ከዚያ ወርዳ አልጋ ሥር ገባች።

መስታወቱ እየጋለ ሄደ። በራዱ ማፏጨት ጀመረ። ጋሽ ጥላዬ ደረቱን ነፋ።

«ሰማችሁ? ሊፈላ ነው! አላልኳችሁም?»

አያ ደርበው ማመን አልቻሉም። በዱላቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና፣ ውኃውን ሊያዩ የበራዱን ክዳን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

ነዘራቸው።

«ኧረ በሥላሴ!»

ወደ ኋላ ዘለሉ። ዱላቸው ወደዚያ፣ ባርኔጣቸው ወደዚህ። እሳቸው ደግሞ ወንበሩ ላይ ዱብ አሉ። ቆጣሪው ቀጭ ብሎ ወረደ፤ የጎረቤት ሬዲዮ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። 

«አያ ደርበው! ደህና ነዎት?» አለች አስካለ ደንግጣ።

አያ ደርበው ጣታቸውን አገላብጠው አዩ። «ደህና ነኝ። ጣቴ ብቻ እስክስታ ይመታል።»

አስካለ ደህንነታቸውን ካየች በኋላ ወንበሩን አየች። ከዚያ ሳሎኑን በእልልታ ሞላችው።

«እልልልልል! ተቀመጡ! ሽማግሌ ተቀመጠ!»

«ምን ተቀመጡ ትያለሽ? ወደቁ እንጂ!» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«ወንበር ላይ የወደቀ ሰው ተቀመጠ ነው የሚባለው።»

የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ። እግራቸው ዝሏል። «ዋናችን ከተቀመጠ እኛ ምን አቆመን?» ብለው እነሱም ቁጭ አሉ።

«ይነሡ እንጂ፣ አያ ደርበው! ጉዳያችን አላለቀም!» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«አልነሣም» አሉ አያ ደርበው። «ዕድሜዬን በሽምግልና ስዞር፣ እንዲህ አጥብቆ ቁጭ በል ያለኝ ቤት የለም። ይልቅ ይህን ንገረኝ። ምድጃህ ለምን ነከሰኝ?»

ጋሽ ጥላዬ አፈረ። ሶኬቱን ነቀለና መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ አነሣው። ሽቦው ተጣብቆበት የነበረውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና ወዲያው ገባው።

«ይህ መስታወት ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም» አለ። «በጣም ሲግል ግን ያሳልፋል። ሽቦው ባይነካው ምንም አልነበረም። ስለተጣበቀበት አለፈና በራዱን ነካ። በራዱ እርስዎን።»

«ታዲያ ካልነካው ሙቀቱ በምን ይደርሳል?»

«ይደርሳል እንጂ! ብርሃን ሆኖ ነው የሚሄደው። ባዶ ቦታ አያግደውም። ፀሐይስ መቼ ቤታችን ገብታ ታውቃለች? ሙቀቷ ግን ግቢያችን ነው የሚውለው። መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሠራነው፤ ይሠራም ነበር። እኔ ነኝ በከንቱ ያስጠጋሁት። የሚወጣው ሙቀት የሚጠፋ መስሎኝ ...»

ቃሉን ሳይጨርስ ቆመ።

 አስካለ እጇን አጣምራ ታየዋለች። ሽማግሌዎቹ ወደ መሬት ያያሉ። ስመኝ ከመጋረጃው ወጣች።

«ቀጥል፣ አባዬ» አለች ቀስ ብላ።

ጋሽ ጥላዬ ሽቦውን አየ። ወደ ሳሎኑ የተከፈተውን የአዲሱን ክፍል በር አየ። ከዚያ ስመኝን አየ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መሰላቸው። እየሳቀ ነበር።

«ለካ በገዛ አፌ ፈርጄ ኖሯል!» አለ። «አያ ደርበው፣ እንደተቀመጡ ይቀመጡ። ጉዳዩ አልቋል። ወንዝ ማዶ ይኑሩ። የራሳቸው በር ይኑራቸው።»

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ስመኝ የአባቷን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል አንገቷን ይዞ አቀፋት። አጥብቆ አቀፋት፤ ከዚያ ለቀቃት።

«ሽማግሌዎቹ ሻይ አልጠጡም» አለ። «ነይ፣ እንሥራ።»

የሸክላውን ስባሪ አንድ በአንድ ለቀሙ። ሽቦው ዝቅ ብሎ ማቀፊያው ላይ ተኛ። ያ ባዶ ቦታ ተመለሰ። ስመኝ የጎበጠውን እያቃናች ሳታውቀው መዝፈን ጀመረች። ማንም አላቋረጣትም።

የወረደውን ቆጣሪ አንሥተው ሶኬቱን ሰኩ። ሽቦው ቀላ፤ ብርሃኑ በመስታወቱ አለፈ። በራዱ አፏጨ፣ ቀጥሎ ክዳኑን አንቀጠቀጠ። ውኃው ተንተከተከ።

«ክዳኑን ያንሡ» አለ ጋሽ ጥላዬ።

«መጀመሪያ አንተ» አሉ አያ ደርበው፣ ሁለት እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው።

ጋሽ ጥላዬ ቴስተሩን በጋለው መስታወት ላይ አሳረፈ። ቀጥሎ በራዱን ነካበት። መብራቱ አልበራም። ከዚያ በራዱን ራሱ አነሣ። ምንም አልሆነም። ድመቷም ከአልጋ ሥር ወጥታ ጠርዙ ላይ ተጋደመች። ሻይ ተቀዳ። አያ ደርበው ደገሙ፤ ሠለሱም።

ሰርጉ ደመቀ። የሰርጉ ወጥ የተሠራው በዚያ ምድጃ ነው። ገንፍሎ ሲፈስ በጨርቅ ጠረግ ይደረጋል፤ ሽቦው ደህና ነው። አያ ደርበው ዳስ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ወጣቶቹ ይቀልዱባቸዋል። «አያ ደርበው፣ በፈቃድዎ ይቀመጣሉ ወይስ ምድጃውን እናምጣ?» ምድጃውም «ሽማግሌ አስቀማጩ» ተባለ። እስከ ዛሬ በዚያ ሰፈር ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሁሉ «የእነ እገሌ ምድጃ የጋሽ ጥላዬ ነው?» ብሎ ይጠይቃል አሉ።

ያ ክፍልስ? ጋሽ ጥላዬ ወደ ሳሎን የሚገባውን በር በብሎኬት ደፈነው። ወደ መንገድ የሚወጣ በር ከፈተለት፤ የምድጃ መሥሪያ ሆነ። ስመኝ በየጠዋቱ ድልድዩን ተሻግራ ትመጣለች። አባትና ልጅ ሲሠሩና ሲሳሳቁ ይውላሉ። ማታ ይኄይስ ይመጣና ይዟት ይሄዳል። ጋሽ ጥላዬ በር ላይ ቆሞ ይሸኛል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብላ እጇን ታወዛውዛለች። እሱም ያወዛውዛል። አንድም ቀን ሳትዞር ሄዳ አታውቅም።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ፍቅር ቦታ አይፈራም። ሰውን መውደድ ላዩ ላይ መጣበቅ አይደለም፤ ሙቀቱ እንዲደርሰው ማብራት ነው እንጂ። የራሱ በር፣ የራሱ ሳቅ፣ የራሱ ትንሽ ባዶ ቦታ ያለው ሰው ሙቀታችንን ደስ ብሎት ይቀበላል። ያ ቦታ ሲጠፋ ግን በደህናው ቀን የማናውቀው ነገር በጋለው ቀን ይነዝራል፤ የሚነዝረውም ለሻይ የመጣውን እንግዳ ጭምር ነው።

እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የምትወዱትን ሰው እዩት። ሽቦአችሁ መስታወቱን ነክቶ ይሆን? ከነካ፣ ከሥሩ አንዲት ስባሪ ሸክላ አንሡለት። ውኃው ይፈላል።